ከሐሳብ የሚመጣ ሕመም ውሸት አይደለም
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን የተሰማ ንግግር)



የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ቀን ጥቂት ቃል እንድናሰማ ስለ ተፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። የመረጥነው ነገር ሁላችንም የምናውቀው፣ ነገር ግን ለመናገር የምናፍርበት ነው።

ፈተና በደረሰ ቍጥር ከመካከላችን ሆዱን የሚቈርጠው፣ ራሱን የሚፈልጠው አይጠፋም። ሐኪም ቤት ሄዶ «ምንም አልተገኘብህም» ተብሎ ሲመለስ፣ እኛው ጓደኞቹ «ሰበበኛ» ብለን እንስቅበታለን። ይህ ፍርድ ትክክል ነውን?

ሰው ሲፈራ ከኵላሊቶቹ በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻዎች ይሄዳል፤ ትንፋሽ ይፈጥናል። ይህ ከአውሬ ለመሸሽ ይረዳል። አስፈሪው ነገር በልብ ውስጥ ያለ ጭንቀት ሲሆን ግን መሸሻ ስለሌለው ሆድ ይታመማል፤ የአንገት ጡንቻ ይወጠራል፤ ራስ ይዞራል። እንግዲህ ምክንያቱ ሐሳብ ቢሆንም ሕመሙ እውነተኛ ነው።

ለዚህም ምስክር አለን። ዛሬ የታንዛንያ ክፍል በሆነችው በታንጋኒካ፣ በቡኮባ አውራጃ በነበረው በካሻሻ የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ጥር 22 ቀን 1954 ዓ.ም. ሦስት ተማሪዎች ሳይወዱ በግድ ይስቁ ጀመር። ሳቁ ከልቅሶ ጋራ እየተቀላቀለ ለሰዓታት የሚቈይበት ጊዜ ነበር። ከ159 ተማሪዎች 95ቱን ስለ ያዘ ትምህርት ቤቱ መጋቢት 9 ቀን ተዘጋ። ሐኪሞች ቢመረምሩ ተላላፊ በሽታም መርዝም አላገኙም። ነገሩን በኋላ ያጠኑ ሊቃውንት ምክንያቱን ከጭንቀት ጋራ ያያይዙታል። እነዚያ ልጆች ዋሽተው ነበርን? አልዋሹም፤ ሳቁን ማቆም ቢችሉ ኖሮ ባቆሙ ነበር።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጃችሁ ሲታመም አስቀድማችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ የተሰወረ በሽታ ሊኖር ይችላልና። ሐኪሙ ምንም ካላገኘ ግን «ተነሥ፣ አታስመስል» ከማለት ይልቅ «ልጄ፣ ምን አስጨነቀህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መምህሮቻችንም እንዲሁ እንዲያደርጉልን እንለምናለን።

እኛም ተማሪዎች ጭንቀታችንን አንሸሽግ። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉና። ከእንግዲህም በታመመ ጓደኛችን ላለመሳቅ በፊታችሁ ቃል እንገባለን።