ሐሳብ ያለውና እጅ ያለው
(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ እንድንናገርበት የተሰጠን አርእስት «ኮድ መጻፍ የማያውቅ ሰው የሶፍትዌር ድርጅት ለማቋቋም ይችላልን?» የሚል ነው። ጥያቄው ለኛ እንግዳ አይደለም። እኛ ሦስታችን የኢኮኖሚክስና የማኔጅመንት ተማሪዎች ነን፤ ባለፈው ዓመት ይህንኑ ሞክረን፥ ተሳስተን፥ ከስሕተታችንም ጥቂት ተምረናል። ስለዚህ እፊታችሁ የቆምነው እንደ ዐዋቂ ሳይሆን በመንገዱ ላይ እንቅፋት እንደ መታው ሰው ነው። እንቅፋት የመታው ሰው ቢያንስ ድንጋዩ የት እንዳለ ለማመልከት ይችላል።

መልሳችንን ከወዲሁ እንናገር። ይቻላል። ነገር ግን ኮድ የማይጽፈው ሰው ሌላ የሚታይ ሥራ ሊሠራ ይገባዋል እንጂ «ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ» ብሎ እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ አይገባውም። ሐሳብ ብቻውን ድርሻ አይሆንም። የዛሬው ንግግራችን በሙሉ ይህንን ለማስረዳት ነው።

መቻሉን በሌሎች አገሮች የተሠራው ሥራ ይመሰክራል። ጃክ ማ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር፤ ኮድ መጻፍ እንደማያውቅም ራሱ ሳይደብቅ የሚናገረው ነገር ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1999 ከ17 ባልንጀሮቹ ጋር በቻይና በሃንግጆ ከተማ በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ አሊባባን መሠረተ። ብራያን ቼስኪና ጆ ጌቢያም የተማሩት ዲዛይን ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 በሳን ፍራንሲስኮ አንድ የዲዛይን ጉባኤ ሊደረግ ሲል ሆቴሎቹ ሞልተው ነበርና እነርሱም የቤት ኪራይ ቸግሯቸው ስለ ነበር በአየር የሚነፉ ፍራሾች በቤታቸው ወለል ላይ ዘርግተው ለሦስት እንግዶች አከራዩ። ዛሬ ኤርቢኤንቢ የሚባለው ድርጅት መነሻው ይህ ነው። በኋላም ኮድ የሚጽፈው ናታን ብሌቻርዚክ ሦስተኛ መሥራች ሆኖ ገባ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እንድታስተውሉ እንለምናችኋለን። አንደኛው፥ እነዚህ ሰዎች ትልቁ ፕሮግራም ከመጻፉ አስቀድሞ እንግዳ በቤታቸው ተቀብለው፥ ቁርስ አቅርበው፥ ሰው ለማያውቀው ቤት ገንዘብ የሚከፍል መሆኑን በዓይናቸው አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 እንኳ በኒው ዮርክ ገበያው ሲቀዘቅዝባቸው ወደዚያው ሄደው የአከራዮቹን ቤት በየደጁ እየዞሩ ፎቶግራፍ ሲያነሡ ነበር። ሁለተኛው፥ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲያቀርብ የሦስቱ መሥራቾች ድርሻ የተቀራረበ ነበር። ኮድ የሚጽፈው ሰው ዘግይቶ ቢመጣም የቀን ሠራተኛ አልሆነም።

እኛ ግን ሁለቱንም ነገር ገልብጠን ነበር የጀመርነው።

ሁላችሁም እንደምታውቁት የፈተና ሰሞን በግቢያችን በር ላይ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወረፋ አስፋልቱ ድረስ ይደርሳል። የክፍል ተጠሪው ፍላሹን ይዞ፥ ከያንዳንዱ ብር እየሰበሰበ፥ ሃንድአውት ለማሳተም ግማሽ ቀን ያጠፋል። እኛም «ተማሪው ከዶርሙ ሆኖ በስልኩ የሚያዝበት፥ ሰዓቱ ሲደርስ ብቻ ሄዶ የሚወስድበት አፕ ቢኖርስ?» አልን። ሐሳቡ ደስ አሰኘን። ስም አወጣንለት፤ ዓርማ ሣልንለት፤ በአምስት ዓመት ስንት ዩኒቨርሲቲ እንደሚያዳርስ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ሠራን። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የተባለው እንዲህ ያለውን ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ በኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል የሚማር አንድ ወዳጃችንን «ሥራልን» አልነው። ለየራሳችን ከመቶ 30 እጅ መድበን ለሱ የቀረውን 10 እጅ ሰጠነው። ይህንንም ስናደርግ ለጋሶች የሆንን መስሎን ነበር። ወዳጃችን አራት ወር ሙሉ ሌሊት ሌሊት ጻፈ። እኛ በየሳምንቱ እየመጣን «ይህ ቀለም ይለወጥ፥ ያ ቁልፍ ወዲህ ይምጣ» እንለው ነበር። ያንን ሥራ ብለን ቆጠርነው።

አፑ ባለቀ ጊዜ በሩ አጠገብ ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ይዘን ሄድን። ባለቤቲቱ በትዕግሥት ካዳመጡን በኋላ እንዲህ አሉን። «ልጆቼ፤ ወረፋው ምን አደረገኝ? ወረፋማ ገበያዬ ነው። እኔን የሚጎዳኝ አትሚልኝ ብሎ ሄዶ ሳይመለስ የሚቀረው ነው። ይኸውላችሁ።» ከጠረጴዛው ሥር ታትሞ፥ ተጠርዞ፥ ወሳጅ ያጣ ወረቀት ጉልበት ድረስ ተቆልሏል። አንዱ ተማሪ ያሳትማል፤ እስኪመለስ ድረስ ፋይሉ በቴሌግራም ግሩፕ ይለቀቅና ወረቀቱን የሚፈልገው ይጠፋል። የኛ አፕ ደግሞ ገንዘብ የሚቀበለው ዕቃው ሲወሰድ ነበር። እንግዲህ አፑ ችግራቸውን ያበዛው ነበር እንጂ አያቃልለውም።

ወዳጃችን ይህን በሰማ ጊዜ የተናገረን ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። «እኔ አራት ወር ስጽፍ ከናንተ አንዳችሁ እንኳ እዚያ ደርሳችሁ አልጠየቃችሁም?» አለን። የምንመልሰው አልነበረንም። መንገዱ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። እሱም ተለየን፤ የጻፈውም ከሱ ጋር ሄደ። በመካከላችን የተጻፈ ውል ስላልነበረ የማን እንደ ሆነ ለመናገር እንኳ አንችልም ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ወንድሞችና እኅቶች፤ በዚህ ነገር ላይ ብዙ አሰብን። የደረስንበትም አሳፋሪ ነገር ነው። አባቶቻችን ቀጥቃጩ በሠራው ማረሻ እያረሱ፥ ሸማኔው የሠራውን እየለበሱ፥ ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ምጣድ እየጋገሩ፥ ባለ እጁን ግን ይንቁት ነበር። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። እኛ የተማርን ነን፤ ከዚህ ዓይነቱ ልማድ ነፃ ነን እንላለን። ነገር ግን አሳቢው ጌታ፥ ሠሪው ሎሌ ነው የሚለው አሮጌ መንፈስ በኛም ልብ ውስጥ ተቀምጦ አገኘነው። የተለወጠው መዶሻው በኮምፒውተር መተካቱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ኮድ የማይጽፈው ሰው ምን ይሥራ? ከደረሰብን ተነሥተን ሦስት ነገሮችን እንናገራለን።

የመጀመሪያው፥ ፕሮግራሙ እንዲሠራው የሚፈልገውን ሥራ አስቀድሞ በገዛ እጁ ይሥራ። እኛ ይህን የጀመርነው ወዳጃችን ከተለየን በኋላ ነው። ኮድ የሚጽፍ ስላልነበረን አንድ ደብተር ገዛን። ትእዛዝ በቴሌግራም እየተቀበልን፥ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ባለው በቴሌብር ገንዘቡን አስቀድመን እያስከፈልን፥ ማታ መኪናው ሥራ ሲፈታ ወስደን እያሳተምን፥ ጧት በካፌው በር ላይ ቆመን ማደል ያዝን። በመጀመሪያው ቀን የታዘዘን ሰባት ብቻ ነበር። ደብተሩ ግን በአራት ወር ያላወቅነውን በሦስት ሳምንት አስተማረን። ተማሪው የሚያዘው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ መሆኑን፥ ቀድሞ ከከፈለ ሳይወስድ የሚቀር ከቶ አለመኖሩን፥ ከሁሉም የሚያናድደው ገጽ ተዘልሎ መታተሙ መሆኑን ከደብተሩ አወቅን። ይህ ዕውቀት ኮድ የማይጽፈው ሰው ለማኅበሩ የሚያዋጣው መዋጮ ነው።

ሁለተኛው፥ ኮድ መጻፍ ባይማር ቋንቋውን ይማር። ዳታቤዝ ምን እንደ ሆነ፥ አንዱ ለውጥ የአንድ ሰዓት ሥራ ሲሆን ሌላው ስለ ምን የሁለት ሳምንት ሥራ እንደሚሆን፥ ሥራው በየቀኑ የሚቀመጠው የት እንደ ሆነ፥ ቁልፉም በማን እጅ እንዳለ ይወቅ። ቤት የሚያሠራ ሰው ግንበኛ ባይሆንም የግድግዳውን ውፍረት መጠየቅ አያቅተውም።

ሦስተኛው፥ ድርሻው በጊዜው በጽሑፍ ይታሰር። ሥራው ገና ሳይጀመር በእኩል ወይም ለእኩል በቀረበ ድርሻ መስማማት ይሻላል። ወደ ፊት የሚሠራው ሥራ እስካሁን ከታሰበው ሐሳብ እጅግ ይበልጣልና። ደግሞም ማንም ሰው ድርሻውን በአንድ ቀን ተቀብሎ እንዳይሄድ በአሜሪካ የተለመደ ሥርዓት አለ። ድርሻው በአራት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚገኝ ይሆናል፤ አንድ ዓመት ሳይሞላው የተለየ ሰው ምንም አያገኝም፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ እየተጨመረ ይሄዳል። ይህ ደንብ ኮድ ጸሓፊውንም ሐሳብ አምጪውንም በአንድ ሚዛን ይመዝናል። የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ያለው ሥራ ስለ ሆነ፥ የተጻፈው ኮድ የድርጅቱ ይሁን ወይስ የጸሓፊው የሚለውም በውሉ ላይ በግልጥ ይስፈር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፥ ይኸውም አዋጅ ቁጥር 1243/2013፥ አንድ ሰው ብቻውን እንኳ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። ሕጉ ብቻችሁን ብትሆኑም በሩን ከፍቶላችኋል፤ ሥራው ግን ብቻውን ለሚሆን ሰው ይከብዳል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ዛሬ ኮድ የሚጽፍ ሰው ምን ያስፈልጋል? ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጽፍልናል» ይሉ ይሆናል። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ ኮድ የማያውቅ ሰው በተራ ቋንቋ ተናግሮ ትንሽ ፕሮግራም ለማሠራት መቻሉ እውነት ነው፤ እኛም ራሳችን ሞክረነዋል። ለሙከራ የሚሆን ነገር በአንድ ቀን ይገኝበታል፤ ይህንንም ጥቅም ልንንቀው አይገባም። ነገር ግን መኪናው የታዘዘውን ነው የሚጽፈው። እኛ ያን ጊዜ ብናዘው ኖሮ ያንኑ የማይረባ አፕ በአራት ወር ፈንታ በአራት ቀን ይሠራልን ነበር። «አንዳችሁ እንኳ እዚያ ደርሳችሁ አልጠየቃችሁም?» ብሎ የሚገሥጽ ሰው ግን ባልኖረን ነበር። የሰው ገንዘብና የሰው ስም ያለበት ነገር በፈተና ዋዜማ ሌሊት ሲበላሽም በውስጡ ያለውን አንብቦ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

የነገሩን ፍጻሜ ሳንነግራችሁ ብንወርድ ጕድለት ይሆናል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ይዘን ወደ ወዳጃችን ዶርም ሄድን። በመጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅነው። ቀጥሎም ለአራታችን እያንዳንዳችን ከመቶ 25 እጅ ይሁን አልነው። እሱም ስለ ድርሻው አንድ ቃል ሳይናገር ደብተሩን ተቀብሎ «ላንብበው» አለ። በሳምንቱ ተመለሰ። ከሠራቸው ገጾች ከግማሽ የሚበልጡትን በቀይ ሰርዞ መጣና «ይህ ሁሉ አያስፈልግም ነበር፤ የሚያስፈልገው የከፈለውን ሰው ስምና የገጹን ቍጥር የሚቈጥር ነገር ነው» አለን። ከዚያም «አሁን ውሉን አምጡ» አለ። አራታችንም ፈረምን። ሥራው ገና ትንሽ ነው፤ ሀብታሞች አልሆንንም፤ ላንሆንም እንችላለን። ባለቤቲቱ ግን ከጠረጴዛቸው ሥር ያለው ቁልል ቀንሶላቸዋል።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በየዓመቱ የሐሳብ ውድድር እየተባለ ባማረ ወረቀት የተጻፈ ሐሳብ ይሸለማል። ከዚያ ይልቅ በወር አንድ ማታ የኮምፒውተር ሳይንስና የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ከሌላው ክፍል ተማሪ ጋር የሚገናኙበት ስብሰባ ይደረግ። ኮድ የማይጽፈው ተማሪ ወደዚያ ሲመጣ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት በእጁ የሠራውን ሥራ መዝግቦ ደብተሩን ይዞ ይምጣ። ደብተር የሌለው ሰው ተቀምጦ ያዳምጥ እንጂ «የሚሠራልኝ ሰው እፈልጋለሁ» ብሎ አይነሣ። በዚህ ዓይነት ሐሳብ ያለውና እጅ ያለው ሁለት ሰዎች መሆናቸው ይቀራል፤ ሁላችንም በየሙያችን ባለ እጅ እንሆናለን።