ዝቅ ያለውን ድምፅ ማን ይሰማዋል?

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ከሙያሽ ጋር የተያያዘ፣ ግን ሰው የማያንቀላፋበት ነገር ተናገሪ» አለኝ። ርዕሴን ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ርዕሴ የሄቪ ሜታል ቤዝ ተጫዋቾች ንጽጽር ነው። ዶርም አብረን የኖርን ታስታውሳላችሁ፤ «ይሄን ጩኸት ቀንሺልን» ትሉኝ ነበር። ቀንሼ አላውቅም። ዛሬ ደግሞ ማይክራፎኑ በእጄ ነው፤ ስለዚህ ታገሡኝ። መጨረሻ ላይ ወደ ልብ ሕመምና ወደ ተማሪዎቻችን ጆሮ እንደምመጣ ቃል እገባለሁ።

ለምን ቤዝ? ዘፋኙን ሁሉም ያውቀዋል። ሊድ ጊታሩን ሁሉም ያደንቀዋል። ድራመሩ ከኋላ ቢቀመጥም ይታያል። ቤዝ ተጫዋቹ ግን ብዙ ጊዜ መኖሩ የሚታወቀው ሲጠፋ ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሟ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ ነው የምትርገበገበው፤ የሰው ጆሮ መስማት የሚጀምረው ደግሞ ከ20 አካባቢ ነው። ወለሉ ላይ ያለ ድምፅ ነው ማለት ይቻላል። ያንኑ ዘፈን በስልክ ስፒከር ብትከፍቱት መሠረቱ ይጠፋል፤ የቀረው ጩኸት ብቻ ይመስላችኋል። ጥፋቱ ታዲያ የሙዚቃው ሳይሆን የማዳመጫው ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አይሻ የሚለውን ስም የሰማችሁት ምናልባት ከባቡሩ ጋር ይሆናል። በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን፣ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚሄደው መስመር ላይ፣ ወደ ድንበሩ ስትቃረቡ የምታገኟት ከተማ ናት። የድሮው ምድር ባቡር በዚያ ያልፍ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርም በዚያው ያልፋል። ንፋሷ ብርቱ ስለሆነ የንፋስ ኃይል ማመንጫ ተተክሎባታል። እኔም በአይሻና በአካባቢዋ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ማታ ንፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ቀጫጭኑ ድምፅ ሁሉ ይዋጣል። የከባድ መኪና ሞተር ግን ግድግዳውን አልፎ ደረታችሁ ላይ ይደርሳል።

እዚያ ሜታል የሚያዳምጥ ሰው አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። የላቦራቶሪ ባለሙያችን ሆኖ ተገኘ። የድሬ ልጅ ስለሆነ «አንቱ» የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሁላችንንም «አንቺ» እና «አንተ» ነው የሚለን። በተረኛነት ሌሊቶች ማይክሮስኮፑ አጠገብ ተቀምጠን የምንከራከረው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ከሁሉም የሚበልጠው ቤዝ ተጫዋች ማነው?

የእሱ መልስ ክሊፍ በርተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የሜታሊካ የመጀመሪያ አልበም ላይ ቤዙ እንደ ሊድ ጊታር ከፊት የወጣበት ሥራ አለ፤ ርዕሱ «ማደንዘዣ» ብሎ ይጀምርና «ጥርስ መንቀል» ብሎ ይጨርሳል። የአኔስቴዥያና የጥርስ ሕክምና መምህራን ደስ ይበላችሁ፤ ሁለቱን ክፍሎች ያስታረቀ ብቸኛው የሙዚቃ ሥራ ሳይሆን አይቀርም። በርተን የቤዙን ድምፅ በፔዳል እያጣመመ፣ እያስለቀሰ፣ መሣሪያው ይችላል ተብሎ ያልታሰበውን አስባለው። ሴፕቴምበር 27 ቀን 1986 ስዊድን ውስጥ የባንዱ አውቶቡስ ተገልብጦ ሲሞት ገና 24 ዓመቱ ነበር። «አቦ ዶክተር፣ ስሚኝ! ቤዝ መዝፈን እንደሚችል ያሳየኝ እሱ ነው» ይለኛል የድሬው ልጅ። ትክክል ነው።

ሁለተኛው ስቲቭ ሃሪስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 አይረን ሜይደንን የመሠረተው። በመግቻ ሳይሆን በጣቶቹ ነው የሚመታው። ጉግስ ላይ የሚጋልብ ፈረስ ኮቴ ሰምታችሁ ከሆነ የሃሪስን ምት ሰምታችኋል። እሱ ዘንድ ቤዙ ድራሙን አይከተልም፤ ባንዱን ሁሉ ይዞ ይጋልባል። ሦስተኛው የሞተርሄዱ ሌሚ ነው፤ ባንዱ የተመሠረተው በዚያው በ1975 ነው። ሌሚ ቤዙን የሚጫወተው እንደ ሪትም ጊታር ነበር፤ ኮርድ እየያዘ፣ አምፕሊፋየሩን እያስጮኸ። በ70 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ አመሉን አልቀየረም። እንዲህ ዓይነት ሰው በየዲፓርትመንቱ አንድ አለ፤ ስም አልጠራም።

አራተኛው፣ የእኔ ምርጫ፣ የብላክ ሳባዝ ጊዘር በትለር ነው። ለምን እንደመረጥኩት ለማስረዳት ከቀዶ ሕክምና ክፍል አንድ ጉዳይ ልዋስ። የባንዱ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በወጣትነቱ በርሚንግሃም ውስጥ የብረት ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ስለሆነ ክር የሚጫንበት እጁ ያ ነበር። ፕላስቲክ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ፤ ቀጫጭን ክሮችን መጠቀም ጀመረ፤ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው አልበም ላይ ክሮቹን አላልቶ የጊታሩን ድምፅ በእጅጉ ዝቅ አደረገ። በትለርም ቤዙን ይዞ አብሮት ወረደ። ከዚያ ወዲህ ሄቪ ሜታል ከሚታወቅበት ከባድ ድምፅ አንዱ ምንጭ ይሄ ነው፤ የተጎዳ እጅ፣ ጉዳቱን ተከትሎ የወረደ ባልደረባ።

ሌላም አለ። ብላክ ሳባዝ አንድ ጊታር ብቻ ያለው ባንድ ነው። አዮሚ ሶሎ ሲጀምር ከሥሩ ሌላ ጊታር የለም፤ ባዶ ቦታ ይከፈታል። በትለር ያንን ቦታ ይሞላዋል። ጊታሩ አንዱን ድምፅ ይዞ ሲቆም እሱ ይንቀሳቀሳል፤ ጊታሩ ሲሮጥ እሱ ይረጋል። የእኔ ሚዛን እንግዲህ ይሄ ነው። ምን ያህል ጎልቶ ተሰማ ብዬ አልጠይቅም፤ የጓደኛውን ጉድለት ምን ያህል ሰምቶ ሞላ ብዬ እጠይቃለሁ። በዚህ ሚዛን በትለር አንደኛ፣ ሃሪስ ሁለተኛ ነው። በርተን በ24 ዓመቱ ስለተቀጨ ፋይሉ ሳይዘጋ ቀርቷል። ሌሚን ከሚዛኑ ላይ አወርደዋለሁ፤ እሱ ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ነው።

ቤዝ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ ሜታሊካ በርተንን ካጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣውን አልበም ይስማ። አዲሱ ቤዝ ተጫዋች ጄሰን ኒውስቴድ በትጋት ተጫውቷል፤ በሚክሲንጉ ግን ድምፁ እስከማይለይ ድረስ ተቀንሷል። የአልበሙ ርዕስ «ፍትሕ ለሁሉም» ማለት ነው። ለቤዙ አልደረሰውም።

የሀገራችንን ሳልጠራ ባልፍ ትወቅሱኛላችሁ። ሞተርሄድና አይረን ሜይደን በተመሠረቱበት በዚያው በ1975 ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር «እረ መላ መላ»ን አወጣ። ቤዙን የያዘው ጆቫኒ ሪኮ ነበር፤ በኋላም በሮሃ ባንድ ውስጥ የስንቱን ድምፃዊ ዘፈን ከሥር ተሸክሟል። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው «ቼ በለው» ላይ ደግሞ መላኬ ገብሬ አለ። ብዙዎቻችን በእነዚህ ሰዎች ቤዝ ሠርግ ላይ ጨፍረናል፤ ስማቸውን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ችክችካ ሲመታ እግራችንን የሚያነሳው ድራሙ ይመስለናል፤ የምንረግጥበትን መሬት የሚያነጥፈው ግን ቤዙ ነው።

ሁለቱን ዓለም ያገናኘ ሰውም አለ፤ እሱም ቤዝ ተጫዋች ነው። አሜሪካዊው ቢል ላስዌል እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተርሄድን አልበም ፕሮዲዩስ ካደረጉት አንዱ ነው። በ2001 የእጅጋየሁ ሽባባውን «ጂጂ» የተሰኘ አልበም፣ በ2012 ደግሞ የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» ፕሮዲዩስ አደረገ። የሮክ ጊታርና የእኛ ቅኝት አብረው ሲሄዱ የሰማንበትን ሥራ ከጀርባ ሆኖ ያደመጠው፣ ዝቅ ያለውን ድምፅ መስማት የለመደ ጆሮ ነው።

አሁን ወደ ቃል ኪዳኔ ልመለስ።

ስቴቶስኮፕ ሁለት ፊት አለው። ዲያፍራሙ ለቀጭኑ ድምፅ፣ ቤሉ ለወፍራሙ ነው። በሩማቲክ የልብ ሕመም ሚትራል ቫልቭ ሲጠብ የሚወጣው ጉርምርምታ እጅግ ዝቅ ያለ ነው፤ ታካሚዋ በግራ ጎኗ ተኝታ፣ ቤሉ ቆዳዋን ነካ ብቻ አድርጎ ነው የሚሰማው። ቤሉን ከተጫናችሁት ቆዳው ይወጠርና ራሱ ዲያፍራም ይሆናል፤ ዝቅ ያለው ድምፅም ይጠፋል። በስልክ ስፒከር ቤዙ እንደሚጠፋው ማለት ነው። ድምፁ ግን የትም አልሄደም።

አይሻ እያለሁ አንዲት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር መጣች። ለሳምንታት ሌሊት ቁጭ ብላ ነበር የምታድረው፤ ስትተኛ ያፍናታል። ከዚያ በፊት በሄደችበት አንድ ቦታ የአስም መድኃኒት ተሰጥቷት ነበር። እርግዝና የደሙን መጠን ይጨምራል፣ የልብ ምትንም ያፈጥናል፤ ዓመታት ሙሉ ዝም ብሎ የኖረ የጠበበ ቫልቭ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። ኢኮ የለንም። ያለን ጆሮ ነው። ማራገቢያው እንዲጠፋ፣ በሩ እንዲዘጋ ጠየቅሁ። ነርሷ በሶማሊኛ አስረዳቻትና በግራ ጎኗ አስተኛናት። ቤሉን ነካ አደረግሁት። ንፋሱ ውጭ ይጮኻል፤ ከሥሩ ግን ያ ጉርምርምታ አለ። ከባድ መኪና ከሩቅ እንደሚመጣ ዓይነት ነው።

ሴትየዋን አስፈቅደን የላቦራቶሪው ልጅም አዳመጠ። ለጊዜው ምንም አላለም። ማታ ላይ ግን መጥቶ «ዶክተር፣ እሱ በርተን አይደለም። በትለር ነው» አለኝ። ክርክራችንን ያሸነፍኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ድሬዳዋ ልከናት በኢኮ ተረጋገጠ፤ እስክትወልድ ክትትል ተደረገላት። እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ዛሬም ቤንዛቲን ፔኒሲሊኗን በየአራት ሳምንቱ ትወስዳለች። ይህን የምነግራችሁ የእኔ ጆሮ ልዩ ነው ለማለት አይደለም። ይሄን የተማርኩት ከእናንተ ነው፤ እዚህ፣ በሽተኛ አልጋ አጠገብ፣ «አትቸኩሉ፣ እንደገና ስሙ» ከሚሉ መምህራን።

ፍርሃቴ ግን አለ። ኢኮ በተስፋፋ ቁጥር ተማሪው ውጤቱን አንብቦ ከዚያ ደረት ላይ ስቴቶስኮፕ ያኖራል፤ የሚሰማውም ያነበበውን ነው። ኢኮ ጠላት አይደለም፤ አይሻም በደረሰ እላለሁ። ግን እስኪደርስ ድረስ ወደዚያ የሚሄደው ተመራቂ ይዞት የሚሄደው ጆሮውን ብቻ ነው። የሩማቲክ ልብ ደግሞ በብዛት የሚገኘው ኢኮ በሌለበት ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ለመምህራኖቻችን፦ በራውንድ ላይ ተማሪው የኢኮውን ወረቀት ከማየቱ በፊት ያዳምጥ፤ የሰማውንም በጽሑፍ ያስፍር፤ ከዚያ ወረቀቱ ይከፈት። አምስት ደቂቃና ጸጥ ያለ ክፍል ይበቃል። ለማኅበራችን፦ ወደ ጠረፍ ለሚመደብ ተመራቂ ሁሉ ቤል ያለው ጥሩ ስቴቶስኮፕ እንስጥ። በየዓመቱ ለዋንጫና ለሪባን ከምናወጣው አይበልጥም። የመጀመሪያዎቹን አምስት እኔ እገዛለሁ፤ ስድስተኛውን የሚገዛ ከሻይ በኋላ ያግኘኝ።

የበርተን ደጋፊ የሆናችሁም መምጣት ትችላላችሁ።