የጣና ውኃና የወረርሽኙ ዘመን
ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ንባብ ለሚያውቁ ሽማግሎች የተነገረ ቃል



በ2012 ዓ.ም. መጋቢት 4 ቀን ኮሮና የሚባለው ተላላፊ በሽታ ኢትዮጵያ መግባቱ ለሕዝብ ተነገረ። ከሦስት ቀንም በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ፤ ከ26 ሚሊዮን የማያንሱ ተማሪዎችም ከመማሪያቸው ቀርተው በየቤታቸው ተቀመጡ። በዚያ ወራት ሌሊትና ቀን ይነገር የነበረው ምክር አጭር ነበር። ይኸውም ሰው ከሰው እንዲራራቅ፥ አፍና አፍንጫውን እንዲሸፍን፥ እጁንም በሳሙናና በውኃ ሀያ ሰከንድ ያህል አሽቶ እንዲታጠብ ነው።

ምክሩ መልካም ነበር። የበሽታው ተሕዋስ ስብ ለብሶ የሚኖር ስለ ሆነ ሳሙና ልብሱን ሲያሟሟበት ይሞታል። ኋላ በተደረገው ምርመራ በሽታው ይልቁን በትንፋሽ እንደሚተላለፍ ታወቀ፤ ቢሆንም እጅን መታጠብ ተቅማጥንና ሌላውንም ደዌ ይከለክላልና ድካሙ ከንቱ አልቀረም። ነገር ግን ይህን ምክር በገጠር የሚያስተምር ሰው አንድ ጥያቄ መመለስ ነበረበት፤ በየትኛው ውኃ? ስድስት ነፍስ ያለበት ቤተ ሰብ እያንዳንዱ በቀን አምስት ጊዜ ቢታጠብ፥ ለአንድ መታጠብም ግማሽ ሊትር ብቻ ቢበቃ፥ በቀን 15 ሊትር ይፈጃል። አንድ ጀሪካን ደግሞ 20 ሊትር ይይዛል። ለመጠጥና ለወጥ ሌላ ይፈለጋል። ያንን ጀሪካን ከምንጭ ተሸክማ የምታመጣው እናት ወይም ልጅ እንደ ሆነች ሁሉ ያውቃል፤ ምክሩን በራዲዮ የሚናገረው ግን ይህን ሲያነሣ እምብዛም አልተሰማም።

ስለ ውኃ ይህን ያህል በተነገረበት በዚያው ዓመት፥ ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ የሚሰፋው ጣና በሌላ ደዌ ተይዞ ነበር። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የዐባይም መውጫ እርሱ ነው። ስፋቱን አይቶ ጥልቅ ነው የሚል ግን ይሳሳታል፤ እጅግ በጠለቀበት ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሊቃውንት ባርበስ የሚሏቸው፥ በሌላ አገር የማይገኙ ከአሥር የሚበልጡ የዓሣ ዓይነቶች በውስጡ ይኖራሉ፤ ከነርሱም ብዙዎቹ በክረምት ወደ ገባር ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናንና አካባቢውን ሊጠበቁ ከሚገባቸው የዓለም ስፍራዎች መዝገብ አገባው።

ደዌው እምቦጭ ነው። ይህ አረም አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን አበባው ሐምራዊና ያማረ ነው፤ በብዙ አገር የተሠራጨውም ሰዎች ለአበባው ሲሉ እየተሸከሙት ነው። በኢትዮጵያ በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ መታየቱ የተጻፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ነው፤ በጣና ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ታወቀ። ውኃውን እንደ ምንጣፍ ሲሸፍነው ታንኳ አይገፋም፥ መረብ አይጣልም፥ ብርሃንና አየርም ወደ ታች አይደርስም።

የመምህር ሥራ እዚህ ላይ ይጀመራል። እምቦጭ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ያህል እጥፍ ይሆናል። ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት እስከ ጥቅምት፥ ሰባት ወር ወይም ሠላሳ ሳምንት ገደማ ተዘግተው ነበር፤ ይህም አሥራ አምስት እጥፍ ነው። አንድ እግር እምቦጭ ሁለት፥ ሁለቱ አራት፥ አራቱ ስምንት እያለ ሲሄድ፥ ቦታና ምግብ ካልጠበበው በአሥራ አምስተኛው ላይ 32,768 ይደርሳል። ተማሪው ይህን በሰሌዳ ላይ እየጻፈ ይቍጠረው። ሰው ከወረርሽኙ ሸሽቶ በቤቱ ሲቀመጥ አረሙ አልተቀመጠም ማለት ነው።

ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸውን ወደ ቤት ሰደዋል፤ ለነቀላ ብዙ ሰው በአንድነት ማሰለፍም የሚያስፈራ ሆነ። የአረሙን ስፋት ከሳተላይት በተነሣ ሥዕል መለካት ግን ታንኳም ጉባኤም አያሻውም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ታላቅ የነቀላ ዘመቻ ተደረገ፤ የደምቢያና የፎገራ ገበሬም እስከ ወገቡ ውኃ ገብቶ በእጁ ነቀለ። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ነው። ሆኖም ነቀላ ብቻውን አይበቃም፤ የእምቦጭ ዘር በጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ይቈያልና። የተነቀለውም በዳር ከተተወ ጎርፍ መልሶ ያስገባዋል። በቪክቶሪያ ሐይቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አረሙን የሚበሉ ነቀዝ መሰል ጥንዚዛዎች ተለቀው እጅግ ቀንሶ ነበር፤ ነገር ግን ኋላ ደግሞ ተመለሰ።

የሚመለስበት ምክንያት ከዳር ሳይሆን ከራስጌ ይፈለጋል። ግልገል ዐባይ፥ ጉማራ፥ ርብና መገጭ ወደ ጣና ከሚገባው የወንዝ ውኃ አብዛኛውን ያመጣሉ። በክረምት ውኃቸው ቀይ ሆኖ የሚወርደው ከተራቆተው ተዳፋት አፈሩን፥ ከአፈሩም ጋራ ፍግና ማዳበሪያውን ይዘው ስለሚመጡ ነው። ለእርሻ የተሰጠው ምግብ የአረም ምግብ ሆኖ ይቀራል፤ ጥልቅ ያልሆነውም ሐይቅ በደለል ይሞላል። ስለዚህ ከጣና የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ጣናን አይቶ የማያውቅ ገበሬ፥ እርከን ሲሠራና ቦረቦሩን ሲከትር ጣናን ይጠብቃል። የገዛ ምንጩንም ይጠብቃል፤ ዝናሙ ሮጦ እንዳይሄድ የተያዘበት ተራራ በበጋ ምንጩ አይነጥፍምና፥ ለእጅ መታጠቢያ የሚሆነው ጀሪካንም ከቅርብ ይቀዳል።

ሽማግሎች ይህን ነገር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዕድሜ ያውቁታል። የትኛው ምንጭ በማን ዘመን እንደ ነጠፈ፥ የትኛው ሸንተረር ዛፍ እንደ ነበረው፥ ወንዙ ቀድሞ በየትኛው ወር ይጠራ እንደ ነበር ተጠይቀው ይናገሩ፤ ተማሪውም በደብተሩ ይጻፈው። ከሳተላይት የሚነሣ ሥዕል ይህን አያሳይም።

መምህሩም ሁለት የጠሩ ጠርሙሶች ያዘጋጅ። ብርቱ ዝናም በዘነመ ማግሥት አንደኛውን ከታረሰ ተዳፋት ሥር ከሚወርደው ውኃ፥ ሁለተኛውን ከብት እንዳይገባበት ከተከለለ ሣራም ስፍራ ሥር ከሚወርደው ያስሞላ፤ ውኃውን የነካ ልጅም እጁን በሳሙና ይታጠብ። ጠርሙሶቹ ሳይነቀነቁ ይደሩ። ነገ ጧት ከታች የረጋው ደለል በማስመሪያ ይለካ፤ ቀኑና ልኩ ይጻፍ። ክረምቱ እስኪያልፍ በየሳምንቱ እንዲሁ ይደረግ፤ ጠርሙሶቹም የሰፈሩ ሽማግሎች ሊያዩአቸው በሚችሉበት መስኮት ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡ።