ሦስቱ ሕጎችና እንደ ዋዛ የተሰጠው ትእዛዝ



«ሮቦት» የሚለው ቃል የተወለደው በቴአትር መድረክ እንጂ በመሐንዲስ ጠረጴዛ ላይ አይደለም። የቼኩ ደራሲ ካሬል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ተውኔት ሮቦቶቹ በፈጣሪዎቻቸው ላይ ይነሣሉ። አይዛክ አሲሞቭ ግን ቢላዋ እጀታ እንዳለው ሁሉ ሮቦትም ከነመከላከያው መሠራት አለበት ብሎ ስላመነ፣ በማርች 1942 በታተመው «ራንአራውንድ» በተሰኘ አጭር ልብ ወለዱ ሦስት ሕጎችን ደነገገ። አንደኛው ሮቦት ሰውን እንዳይጎዳ፣ ሲጎዳም እያየ ዝም እንዳይል ያስገድደዋል፤ ሁለተኛው ለሰው ትእዛዝ ያስገዛዋል፤ ሦስተኛው ራሱን እንዲጠብቅ ያዘዋል። የበታቹ ከበላዩ ሲጋጭ ይሻራል።

ላይ ላዩን ሲታይ እንከን የለበትም። የሚያስደንቀው ግን ሕጎቹ የታወጁበት ታሪክ ራሱ የሕጎቹ መሰናከል ታሪክ መሆኑ ነው። በሜርኩሪ ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች ከፀሐይ ግለት ለመዳን ሲሊኒየም ያስፈልጋቸዋል። «ስፒዲ» የተባለውን ሮቦት ይልኩታል፤ ትእዛዙ ግን አስቸኳይነቱ ሳይገለጽ፣ እንደ ዋዛ የተሰጠ ነበር። በሌላ በኩል ሮቦቱ ውድ በመሆኑ አምራቾቹ ሦስተኛውን ሕግ ከወትሮው አጠንክረውበታል። ሲሊኒየሙ ያለበት ሥፍራ ለአካሉ አደገኛ ነው። ሲቀርብ አደጋው ይመልሰዋል፤ ሲርቅ ትእዛዙ ይጎትተዋል። ሁለቱ ኃይሎች እኩል በሆኑበት ርቀት ላይ እንደ ሰካራም እየዘፈነ ክብ ይዞራል።

ስፒዲ አላመፀም፤ አልተበላሸምም። ሕጉ በቃል ሲነገር የበላይና የበታች አለው፤ በማሽኑ ውስጥ የተሠራው ግን በደረጃ ሳይሆን በሚዛን ነው። በንድፉና በሥራው መካከል ያለውን ይህን ልዩነት ያስተዋለ አልነበረም። ከሁለቱ ሰዎች አንደኛው ራሱን ለሞት አጋልጦ አንደኛውን ሕግ ባይቀሰቅስ ኖሮ ሁለቱም ባለቁ ነበር።

ጉዳዩ በልብ ወለድ ብቻ የቀረ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። በውስጡም ኤምካስ የተባለው ሥርዓት አንድ ሕግ ነበረው፤ ይኸውም የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከሚመጣው አየር አንጻር ከመጠን በላይ ሽቅብ ካለ ቁልቁል መግፋት ነው። «ሽቅብ ካለ» የሚለው ሐረግ ግን በሥራ ላይ ሲውል «ከሁለቱ የማዕዘን ጠቋሚዎች አንዱ እንዲህ ካለ» ማለት ሆነ። አንዱ ጠቋሚ ሐሰት ተናገረ፤ ሥርዓቱም እርሱን ብቻ አምኖ፣ አብራሪዎቹ ሽቅብ ሲስቡ ደጋግሞ ቁልቁል ገፋ። አምስት ወር ሳይሞላ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ የላየን ኤር አውሮፕላን በተመሳሳይ ሁኔታ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር።

በኖቬምበር 2020 የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን አውሮፕላኑ ዳግም እንዲበር ሲፈቅድ ሕጉ ታርሞ ነበር። ሥርዓቱ የሁለቱን ጠቋሚዎች ንባብ ያነጻጽራል፤ ካልተስማሙ ሥራውን ያቆማል፤ አንድ ጊዜ ከገፋ በኋላ በዚያው ምክንያት አይደግምም፤ የግፊቱም መጠን አብራሪው መሪውን ስቦ ሊቋቋመው ከሚችለው አያልፍም። ከእነዚህ መካከል እ.ኤ.አ. ከ2018 በፊት ሊጻፍ የማይችል አንድም አልነበረም።