«3 ሰዓት» ስንት ሰዓት ነው?



ከአምባሰል ገጠር ወደ ሐይቅ ለሕክምና የምትመጣ እናት «ነገ 3 ሰዓት» ከተባለች ጠዋት ትደርሳለች። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንት ግን ያንኑ «3 ሰዓት» ከሌሊቱ 9 ሰዓት አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል። 05/01/2017 ለእኛ መስከረም 5 ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከተነበበ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ኤጀንቱ ቀጠሮ መያዣውን የሚጠቀመው በጽሑፍ በተሰጠው መግለጫ ተመርቶ ነው። «ቀጠሮ ይይዛል» ብለን ካለፍን የቀረውን ይገምታል። እንዲህ ብንጽፍለትስ፦

«ለተመላላሽ ታካሚ አዲስ ቀጠሮ ይይዛል። ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፦ ቀን/ወር/ዓመት። ሰዓትም በኢትዮጵያ፤ ጠዋት ወይም ከሰዓት ተብሎ ይጻፍ። ካልታወቀ ታካሚውን ጠይቅ፤ አትገምት። ለድንገተኛ ሕመም አትጠቀምበት፤ ወዲያው ለነርስ አስተላልፍ።»

ይኼ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። መድኃኒት ስታዙ መጠኑን፣ አወሳሰዱን፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ፤ ለማን እንደማይሰጥም እወቁ ብላችሁ ያስተማራችሁን እናንተው ናችሁ። ስለዚህ መግለጫውን ለፕሮግራመሮች ብቻ አንተውላቸው። ታካሚው ሲናገር ምን ማለቱ እንደሆነ የምናውቀው እኛ ነን።