ጡረታ የወጣው ቦይንግ ወታደር ሲሆን
(ቡራዩ ላይ ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር)

እኛ የአዲስ አበባ ዙሪያ ሰዎች አውሮፕላን ብርቃችን አይደለም። ሰበታም ሆነ እዚህ ቡራዩ ቀና ያለ ሁሉ ያየዋል። ግን እስቲ ማነው ከታች ሆኖ «ይሄ የመንገደኛ ነው፣ ያ የጦር ነው» ብሎ የሚለየው? ለመለየት ከባድ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገሩን ከቦይንግ 707 እንጀምረው። አየር መንገዳችን በ1955 ዓ.ም. የተረከባቸው ሁለት 720 ጄቶች የ707 ታናናሾች ናቸው። ቦሌም የተሠራው የልደታው አሮጌ ማረፊያ ጄት አልችል ስላለ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ 707 ከወታደር ጋር መንታ ሆኖ መወለዱን ነው። ቦይንግ እ.ኤ.አ. በ1954 አንድ የሙከራ ጄት አበረረ። ከዚያ ቀድሞ የወጣው ኬሲ-135 የተባለው የአሜሪካ አየር ኃይል የሰማይ ቦቴ ነው፤ በአየር ላይ ለተዋጊ ጄቶች ነዳጅ የሚቀዳ ማለት ነው። መንገደኛው 707 የመጣው ተከትሎ ነው።

ዓመታት አለፉና 707 ነዳጅ በላ፣ ጩኸቱ በዛ ተብሎ ጡረታ ወጣ። አሜሪካኖች ከመቶ በላይ አሮጌ 707 ገዝተው ሞተሩን እየፈቱ ለቦቴዎቻቸው ገጠሙ። እስራኤሎች ደግሞ ገላውንም አልጣሉትም። ወንበሩን ነቅለው፣ ሆዱ ውስጥ ተጨማሪ የነዳጅ ጋን ከተው፣ ጭራው ሥር መቅጃ ቧንቧ ገጠሙለት። መስከረም 21 ቀን 1978 ዓ.ም. ተዋጊዎቻቸው ቱኒስ ድረስ ሄደው የፍልስጤም ነጻ አውጪ ድርጅትን ዋና መምሪያ ሲደበድቡ፣ መንገድ ላይ ያጠጣቸው እንዲህ ያለ ጡረተኛ 707 ነበር።

ይሄው ዓይነት አውሮፕላን ቦሌም መጥቷል። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለማርያም ፈረጠጡ። ኢህአዴግ ከተማዋን ከቧል፣ ሰው ልቡ ተሰቅሏል። ግንቦት 16 የእስራኤል አየር ኃይል ሄርኩለሶችና 707ዎች፣ ከኤል አል ጃምቦዎች ጋር እየተከታተሉ ወረዱ። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያንን ጭነው ሄዱ። ወንበር ተነቅሎ አንዱ ጃምቦ ብቻውን ከሺህ ሰው በላይ ጫነ! ለጦር የተሰናዳ አውሮፕላን ልጅ ያዘሉ እናቶችን ሲያሳፍር ማን ይከፋዋል? እኔ አልከፋም፤ ነፍስ ማዳን ነው።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ለዚህ በረራ 35 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሏል። ድርድሩ በጓዳ ነበር፣ የሰው ዋጋ የተቆረጠውም በጓዳ። በደርግ በኩል ሲደራደሩ የነበሩት አቶ ካሳ ከበደ ራሳቸው በዚያው ዘመቻ ከአገር ወጡ። ሕዝቡስ? ሕዝቡማ ከታች ሆኖ ሲያንጋጥጥ ነበር።

ያለፈ ነገር ነው እንዳትሉኝ። እ.ኤ.አ. በ2021 እነዚያን 707ዎች የለወጠው የእስራኤል ኤሮስፔስ ኩባንያ፣ አሮጌ 767ዎችን ከመንገደኛ ወደ ጭነት ለመቀየር ከአየር መንገዳችን ጋር ተስማማ። ለጭነት እንጂ ለጦር አይደለም፤ ለቴክኒሻኖቻችንም እንጀራ ነው፣ እሰየው። ግን በዚያው ዓመት ሲኤንኤን የጭነት ሰነድ አገኘሁ ብሎ፣ የአየር መንገዱ አውሮፕላኖች በትግራይ ጦርነት መጀመሪያ፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል መሣሪያ አመላልሰዋል ሲል ዘገበ። አየር መንገዱ አስተባበለ። እውነት ከሆነ ያኔ ጡረታም አላስፈለገም፤ ቧንቧም፣ ጋንም አልተገጠመም ማለት ነው።

አየር መንገዱ የሕዝብ ንብረት ነው። «አዎ» እና «አይደለም» መባባል አይበቃም። ሰነዱን ገለልተኛ አካል ይመርምረው፣ ውጤቱም በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም ይነበብልን። ሐሰት ከሆነ የአየር መንገዱ ስም ይጥራ፤ እውነት ከሆነ ያዘዘው ሰው ይታወቅ።

እኔ እዚህ ላይ ላቁም፤ እጅ ያወጣችሁ ቀጥሉ።