ደጅ ሲጠኑ ስለ ሞቱ ሰዎች
(በኅብረታችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ደጅ ጥናት ምን እንደ ሆነ ለናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። ባለጉዳዩ ማልዶ ከደጅ ይቆማል፤ ጌታው ሲወጡ እጅ ይነሣል፤ «ነገ ተመለስ» ተብሎ ይሄዳል። ብዙዎቻችን ይህ የድሮ ሥርዓት ጉድለት ብቻ ይመስለናል። ሕግ በተጻፈበት፥ መዝገብም በተደራጀበት አገር ይገኛል ብለን አናስብም። ዛሬ ለመናገር የተነሣነው ግን በአሜሪካ ደጅ ሲጠኑ ስለ ሞቱ ሰዎች ነው።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1956 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር አንድ ሕግ ፈረሙ። በዚህ ሕግ ዕድሜው ከ50 እስከ 64 የሆነ፥ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ከሥራ የወደቀ ሠራተኛ የወር አበል እንዲያገኝ ተፈቀደ። በ1960 ደግሞ የ50 ዓመቱ ወሰን ተነሣ። ይህ አበል ምጽዋት አይደለም። ሠራተኛው ለጡረታና ለዚሁ አበል ከደመወዙ ከመቶ 6.2 ይከፍላል፤ አሠሪውም ያንኑ ያህል ይጨምራል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በሆቴልና በመኪና ማቆሚያ ሥራ የሚተዳደሩ ወገኖቻችንም ይህንኑ መዋጮ ይከፍላሉ።

የታመመው ሠራተኛ እንግዲህ ያመለክታል። ማመልከቻው ውድቅ ቢሆንበት እንደገና እንዲታይለት ይጠይቃል፤ ያም ካልሆነ ከዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ከዚያም በላይ የይግባኝ ጉባኤና ፍርድ ቤት አለ። የአሜሪካ ኮንግረስ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2020 ባወጣው ጽሑፍ እንደ ገለጠው፥ ከ2008 እስከ 2019 ይግባኝ ያሉት ሰዎች ወደ 9 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ከነዚህ ውስጥ 109,725ቱ የመጨረሻው ውሳኔ ሳይደርሳቸው ሞተዋል። በ2015 ይግባኝ ካሉት መካከል ግማሾቹ ከ839 ቀን ያላነሰ ጠብቀዋል። ከ2014 እስከ 2019 ባለው ጊዜም ወደ 48,000 የሚሆኑት ሲጠብቁ ለኪሣራ ተዳርገው ፍርድ ቤት አመልክተዋል።

«የታመመ ሰው ይሞታል፤ መዘግየቱ ገደለው ማለት አይቻልም» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ቁጥሩ ይህን አይልም፤ እኛም አንልም። ነገር ግን አመልካቹ ሲጠብቅ በምን ይኖራል? ሕጉ «ለኑሮ የሚበቃ ሥራ መሥራት የማትችል መሆንህን አስረዳ» ይለዋል። ስለዚህ ለቤት ኪራይ ብሎ እየተንገዳገደ ቢሠራ፥ ሥራው ራሱ ምስክር ይሆንበታል። ባይሠራ ደግሞ ኪራዩም መድኃኒቱም የለም። ቢፈረድለት እንኳ የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት አይከፈሉትም፤ የመንግሥቱንም የሕክምና መድን ለማግኘት ከዚያ ወዲያ 24 ወር ይጠብቃል። ከነዚህ ከሁለቱም ነጻ የሆኑት ኤ ኤል ኤስ የተባለው ጅማትን የሚያደክም ገዳይ በሽታ የያዛቸው ናቸው፤ እነሱም ከአምስቱ ወር ነጻ የወጡት በ2020 በወጣ ሕግ ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው ብንፈልግ አላገኘንም። ጸሐፊው ደንቡን ይከተላል። ዳኛው ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ዶሴ በተራ ያያል። ኮንግረሱ የመሥሪያ ቤቱን ወጪ በየዓመቱ ይመድባል። መከልከል የሰው ፊርማ አለበት፤ ይግባኝም ይባልበታል። መዘግየት ግን የማንም ፊርማ የለበትምና ማንም አይጠየቅበትም። በድሮው ደጅ ጥናት ባለጉዳዩ ቢያንስ የሚያማው ጌታ ነበረው፤ የዛሬው ደጅ ጠኚ ግን የሚያማው እንኳ የለውም።

ገንዘቡ የሠራተኛው ሁሉ ነውና ማጣራት አያስፈልግም አንልም። ዳሩ ግን መዘግየቱ እንደ ዝናብና እንደ ድርቅ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ያው መሥሪያ ቤት በ2008 እጅግ የከበዱ በሽታዎችን በስም ዘርዝሮ፥ እነዚህ ያሉባቸው ሰዎች ጉዳይ በቶሎ እንዲወሰን አድርጓል። ስለዚህ ሲፈለግ ማፋጠን ይቻላል ማለት ነው። አመልካቹ ከሞተ በኋላ ቢፈረድለት ውዝፉ ለሚስቱ ወይም ለልጆቹ ሊደርስ ይችላል። ለእርሱ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ ነገ ከመካከላችን አንዱ ሐኪም፥ አንዱ ዳኛ፥ አንዱም የመዝገብ ቤት ሹም ይሆናል። ሐኪሙ የምስክር ወረቀቱን በመጀመሪያው ቀን አሟልቶ ይጻፍ፤ ጐደሎ ወረቀት ለበሽተኛው ሌላ ቀጠሮ ነውና። መሥሪያ ቤት የሚመራውም በዓመቱ መጨረሻ የወሰናቸውን ጉዳዮች ብቻ ቈጥሮ አይርካ፤ ውሳኔውን ሲጠብቁ የሞቱትንም ቈጥሮ ያስታውቅ። አሜሪካኖች ቈጥረው ባያወጡት ኖሮ እኛም ዛሬ የምንናገረው ነገር ባልኖረን ነበር። ካልተቈጠሩ ማንም አይጠየቅባቸውም።